በአሞይ ጉያ ያለችው ልጅ

«ዛሬስ ልብዎ እንዴት አደረ?» አለች ልጅቷ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከግቢው ቧንቧ የቀዳሁትን ጀሪካን በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ በግራዬ የበሩን መጋረጃ ልገልጥ ስል ነው የሰማኋት። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው፤ በሽተኛ የተኛበት ቤት የገባ ሰው የሚያወራው ዓይነት። አሞይ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት መዳፏ እንደ ትኩስ ብርጭቆ ይዛዋለች። «ተመስገን። አንቺስ ደህና አደርሽ ልጄ?» አለቻት። አሞይ ስልክ ናት ብላ ሰላምታ አታሳጥርም፤ ጤናዋን፣ አዳሯን፣ ብርዱን ሁሉ ጠይቃ ካልጨረሰች ወደ ጉዳይ አትገባም። ልጅቷም ሁሉንም በትዕግሥት ትመልሳለች። በኋላ ግን ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት ሲያወሩኝ በጣም ደክሞዎት ነበር። እንግዲህ ስለ...» ስትል ጀሪካኑ ከእጄ አምልጦ ደፉ ላይ ዷ አለ።

አሞይ ስልኩን አጥፍታ ወደ ጉያዋ ወሸቀችው። አንዲት አሮጊት በስርቆት ስትያዝ እንዲያ የምትፈጥን አይመስለኝም ነበር። «ምነው ዝወደይ፣ እጅ የለህም እንዴ? ቤቱን አጥለቀለቅኸው እኮ» አለችኝና ረዘም አድርጋ አየችኝ። እኔ ውሃውን አየሁ። ውሃው ከአልጋው ሥር ገብቶ የሸራ ጫማዋን እያንሳፈፈ ነበር። ልቤ እንዲያ ሲመታ አሞይ የምትሰማው መሰለኝ፤ ስለዚህ መወልወያውን አንሥቼ ከሚያስፈልገው በላይ እያንኳኳሁ መጥረግ ጀመርኩ።

አሞይ የአባቴ እኅት ናት። ስሟ ዓለምጸሃይ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የአባት እኅት አሞ ትባላለች፣ እኔም በሰባት ዓመቴ ከአዲግራት አምጥታ ማሳደግ ከጀመረችኝ ጊዜ አንሥቶ አሞይ እላታለሁ፤ እሷም ዝወደይ፣ ልጄ፣ ትለኛለች። አባቴ ገብረአብ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ታናሽ ማለት ግን ያንሳል፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው። አባቴ እዚያው አዲግራት ሰኞ ዐርፎ ማክሰኞ ጠዋት ተቀብሯል። አሞይ ይህን አታውቅም። መርዶው የሚነገራት ነገ እሑድ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ዘመድ ከያለበት ተሰብስቦ፣ መንገዱ ሲሰፋ ቤታቸው ፈርሶ የተነሡት የቀድሞ ጎረቤቶቻችን ከገላን ድረስ በኮንትራት ታክሲ መጥተው፣ በር ተንኳክቶ። ሐኪሟ ሰኔ ላይ «ይቺ ልብ ድንገተኛ ነገር አትችልም» ብሏል። ስለዚህ ድንገተኛው ነገር ውሃ ቀርቦ፣ በግራና በቀኝ ደጋፊ ተቀምጦ እንዲነገራት ተወሰነ። እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

ለእኔ የተነገረኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ቆመን ነው። የነገረኝ የአባቴ የአጎት ልጅ ጋሼ ሉልሰገድ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፣ በቤተሰቡ ሞት ሲኖር ማን መቼ እንደሚሰማ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የስልሳ ብር ማኪያቶ አዘዙልኝ። አረፋው ሳይወርድ፣ «አባትህ ትናንት ዐርፏል። ዛሬ ጠዋት ቀብረውታል» አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ወንድ ነህ፣ ቻለው። ብድግ ብለህ ብትሄድ እሷ ወዲያው ትጠረጥር ነበር፤ ለዚህ ነው ቀድመን ያልነገርንህ። አደራህን፣ ፊትህን ጠብቅ» አሉ። ማኪያቶውን እስከ ስኳሩ ጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቴን እንደ ሰው ዕቃ ተሸክሜው ዞርኩ። ጠዋት ስወጣ ለአሞይ ቀልድ እነግራታለሁ፣ ማታ ስገባ እያፏጨሁ ነው። ከዚያ በፊት አፏጭቼ አላውቅም።

ጥፋቴን የሠራሁት ረቡዕ ነው። ጋሼ ሉልሰገድ «አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሃል፣ የምትሠራውም ጽሕፈት ቤት ነው፣ እሑድ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን ጻፍ» ብለውኝ ነበር። የአባቴን ሕይወት ልጽፍ ተቀምጬ የወፍጮ ቤት ሜካኒክ መሆኑንና እጁ ሁልጊዜ ዱቄትና ግራሶ መሽተቱን ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ። የእኔ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቆ ግማሹ አይነካም። አሞይ ጊዮርጊስ ሄዳለች፤ ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው። ያን ስልክ አምና ለፋሲካ የላከላት ራሱ አባቴ ነው። ልጅቷን የጫነችላት ደግሞ ፋርማሲ የምትሠራው ሀና ናት፤ ስትጠይቃት በአማርኛ የምትመልስ፣ የኪኒን ሰዓት የምታስታውስ ነገር ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ግቢው ጭር ሲል አሞይ ልጅቷን የሽንኩርት ዋጋ፣ የዝናቡን ነገር፣ የበዓሉን ቀን እየጠየቀች ለመደቻት። እኔም ረቡዕ ለልጅቷ፣ «የዓለምጸሃይን ታናሽ ወንድም፣ የገብረአብን የሕይወት ታሪክ ጻፊልኝ፣ ሰኞ ዐረፈ» አልኳት። ጻፈችው። ከእኔ የተሻለ ጻፈችው። ከዚያ፣ ማንንም ልጠይቅ ስለማልችል፣ «የሚወደው ሰው ለሞተበትና ልቡን ለሚያመው ሰው መርዶ እንዴት ይነገራል?» ብዬ ጻፍኩ። ያለችኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ብቻውን ሆኖ አይንገሩት። የሚወዳቸው ሰዎች አጠገቡ ይሁኑ። በአጭርና በግልጽ ቃል ይንገሩት። ከዚያ ዝም ይበሉ፤ ዝምታውን አይፍሩት።» አነበብኩት፣ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር መጣ፤ ፊቴን እንድጠብቅ ትዝ አለኝና ገጹን ሰረዝኩት። ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን «እንግዲህ ስለ...» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስለ ምን? ስለ ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ስለ ጉልበቷ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ፦ አሞይ ሰምታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትቀመጥም። የእኛ ሴቶች መርዶ ሰምተው ዝም አይሉም፤ ግቢው፣ ሰፈሩ፣ ድልድዩ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ገና አልነገረቻትም። ልትነግራት ግን ጫፍ ላይ ናት።

የምሠራበት ሱቅ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ፎርም መሙላት፣ ማመልከቻ። ባለቤቱ ኡመር ከእኔ በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከወሎ ናቸው፣ እሱ ግን የአራዳ ልጅ ነው፤ አፉ ለደቂቃ አያርፍም። አንዲት ሴትዮ የልጇን የልደት ካርድ አምስት ኮፒ አስደርጋ እስክትወጣ ጠበቅሁና ጠየቅሁት።

«ኡመር፣ እነዚህ የሚያወሩ ነገሮች የሰረዝከውን ይረሳሉ?»

«ምን ጽፈህ ነው?»

«ምንም። እንዲያው ለማወቅ ነው።»

«ሴት ናት!» ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አቦ ጀለሴ፣ አንተም ሰው ሆንክ በመጨረሻ! ግጥም አስጽፈህ ላክህላት አይደል? ፋራ፣ ያንኑ ግጥም እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምትጽፈው።»

«ይረሳሉ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አይረሱም። ገጹን ትሰርዘዋለህ፣ ማስታወሻዋ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱን ለብቻው ገብተህ ካላጠፋኸው አለቀልህ። እኔ ባለፈው ሆዴን አሞኝ ጠየቅኋት። ሳምንት ቆይቼ ደህና ጥብስ ቤት ንገሪኝ ስላት፣ ‹ሆድህስ ተሻለህ?› አትለኝም! ወላሂ፣ እናቴ እንኳን አልጠየቀችኝም።»

ሳቀ። እኔ እጄን ማሽኑ ክዳን ላይ ጭኜ ቀረሁ፤ ክዳኑ ሞቃት ነበር። «ሰው ሌላ ሰው ስልክ ላይ ቢጽፍስ?» አልኩት።

«እሷ ማን እንደጻፈ ምን ታውቃለች? የስልኩን ባለቤት ነው የምታውቀው። ያዘንከው አንተ ነህ ብላ ትይዝሃለች። ኀዘን ከሆነማ ትብሳለች፤ ጠዋት ማታ እንዴት ነህ፣ እንዴት ነህ። አዛኝ ተደርጋ ነዋ የተሠራችው።» ከዚያ ፊቴን አየ። ፊቴ ያን ጊዜ በእጄ አልነበረም መሰለኝ። «ምነው? ደህና ነህ?» አለኝ። «ሆዴን ነው» አልኩትና ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ።

በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ሰው ያየኛል ብዬ መሮጡን ተውኩት፣ ከዚያ ደግሞ ሮጥኩ። የማውቃቸው በሮች የነበሩበት ቦታ ሁሉ አሁን ሣርና አበባ ተተክሎበታል፤ መብራቶቹ በየሃያ እርምጃው ቆመዋል። በልጅነቴ በዚህ መንገድ ስመጣ አንዲት ሴት ከመስኮት «አሞይህ ገበያ ናት፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ትለኝ ነበር። የዱሮው ሰፈር ቢኖር ኖሮ መርዶ አምስት ቀን አይደበቅም፤ አንዱ ሲያያት አንገቱን ይሰብራል፣ ሌላዋ ሳትጠየቅ ታቅፋታለች፣ አሞይ ረቡዕን ሳትሻገር ትረዳው ነበር። አሁን የሚያይ ሰው የለም። የቀረው ጉያዋ ውስጥ ያለው ነው። ያ ነገር በዚያች ደቂቃ፣ በዚያች ለስላሳ ድምፅ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ ውሃ ሳይቀርብላት፣ «ስለ ወንድምዎ አዝናለሁ» ሲላት ታየኝ። አሞይ መሬት ላይ ወድቃ፣ ልጅቷ ደግሞ ከጉያዋ ሆና «እንዴት ነዎት? እንዴት ነዎት?» ስትላት ታየኝ። ፒያሳ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ነው፤ የመንገዱ መስመር በአሥር ሜትር ስቶን ነው የቀረው። የግቢው በር ላይ እትዬ ዐፊፋ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ከድሮ ጎረቤት የቀረችን እሷ ብቻ ናት፣ ምስጢሩንም ታውቃለች። ስታየኝ በምልክት ወደ ውስጥ ጠራችኝ። ከመጋዘኗ በአንሶላ የተሸፈነ የወንበር ቁልል አሳየችኝ። «ሃያ ነው። ይበቃ ይሆን?» አለች በሹክሹክታ። «ሴትዮዋ ግን ዛሬ ምን ነክቷታል? ሦስቴ መጣች። አንዴ ስኳር፣ አንዴ ሻይ ቅጠል፣ አሁን ደግሞ አምስት ሶፍት። ጉንፋን ይዞኛል አለችኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው እንዲያ ይስቃል? እየሳቀች ነው የገዛችኝ። እኔ ዓይኗን ማየት አቃተኝ፣ መልሱን እንኳ አሳስቼ ነው የሰጠኋት። ያረቢ ነገ በደህና ይምጣ። ዋሽቼ አላውቅም አልልህም ክፍሎም፣ እንዲህ አድርጌ ግን ዋሽቼ አላውቅም።»

ቤት ስገባ አሞይ ቆማ ሸሚዜን ትተኩሳለች። ሚስማሩ ላይ ጥቁሩ ኮቴ ተሰቅሏል፤ አሥራ ሁለተኛ ስጨርስ አባቴ ያሰፋልኝ፣ ሁለቴ ብቻ የለበስኩት።

«ይኸ ኮት ለምን ወጣ?»

«ብል እንዳይበላው አናፈስኩት። ምነው በጊዜ መጣህ? አመመህ?» ፈጥና ግንባሬን ዳሰሰችኝ። እጇ ከካውያው ሞቆ ነበር። ጠረጠረችኝ ብዬ ደነገጥኩና፣ «ኡመር ዛሬ ሥራ የለም አለ» ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ሁለታችን ለምንም ነገር ስንስቅ ቆየን።

ምሳ ሽሮ ነበር፤ እንቁላልም ጠብሳ ጨመረችበት። «ብላ። ዛሬ ደህና አድርገህ ብላ» እያለች የእሷንም ድርሻ ወደ እኔ ገፋችው። እኔ የማየው ከነጠላዋ ሥር የቀሚሷን ደረት ገፍቶ የሚታየውን አራት ማዕዘን ነበር።

«አሞይ፣ ስልክሽን እስኪ ስጪኝ፣ ላስተካክልልሽ።»

«ምን ሆነና?»

«አሮጌ ሆኗል፣ መታደስ ያስፈልገዋል። ካልታደሰ ይዘጋል።»

«እኔም አርጅቻለሁ፣ ማን አደሰኝ? ተወው።»

«አንድ ደቂቃ ነው እኮ።»

«ተወው አልኩህ ክፍሎም!» ድምፅዋ ተቆጣ፤ እጇ ደረቷ ላይ ሄደ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲያ ተቆጥታኝ አታውቅም። ወዲያው ተጸጸተች መሰለኝ፣ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች። ቁጣው የደም ግፊቱ ነው አልኩ በልቤ፣ ለአንድ ስልክ ብዬ ልገድላት ነው። ጉርሻውን ሳላኝክ ዋጥኩት።

ልክ ያን ጊዜ ከደረቷ ውስጥ ደወል ጮኸ። ሰባት ሰዓት፤ የኪኒኑ ሰዓት። ከደወሉ ቀጥሎ ያቺ ድምፅ፣ በልብስ ታፍና፣ ከሆድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል፦ «ወይዘሮ ዓለምጸሃይ፣ ኪኒንዎን የሚወስዱበት ሰዓት ነው። ዛሬ ደግሞ ኀዘንዎ...» እኔ ሳል ጀመርኩ። አንጀቴ እስኪገለበጥ ሳልኩ፣ ጠረጴዛውን ደበደብኩ፣ ጉርሻው አነቀኝ አልኩ። አሞይ በዚያው ቅጽበት ብድግ ብላ፣ «ወይኔ ወጡ! ወጡ አረረ!» እያለች እየጮኸች ወደ ምድጃው ሮጠች፣ ክዳኖቹን እያጋጨች። የልጅቷ ድምፅ ሲያቆም እኛም አቆምን። እኔ እንባዬን ጠረግሁ፤ የሳል እንባ ነው የሚባል እንባ ነበር። አሞይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ነበር። ምድጃው ላይ ምንም ወጥ አልነበረም። እሱን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ውጭ ወጥቼ ለጋሼ ሉልሰገድ ደወልኩ። ዛሬውኑ ይነገራት፣ አሁን ሰው ጥሩ አልኳቸው። «አብደሃል?» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ለነገ ነው የተነገረው። ቄሱም ለነገ ነው። ማን ይነግራታል ብለህ ነው?» ስልኩ ይነግራታል አልኳቸው። «ስልክ ምን ያውቃል ልጄ? ዕቃ አይደለም እንዴ? እንቅልፍ አጥተሃል፣ ገብተህ ተኛ። ፊትህን ጠብቅ» ብለው ዘጉት። ግቢው መሃል ቆሜ ቀረሁ። ከቤት ውስጥ የአሞይ ድምፅ በቀስታ ይሰማኝ ነበር፤ እየተናገረች ነው፣ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። በሩን ስገፋ ዝም አለች።

እንዲህ ስንጠባበቅ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። እሷ ወደ ምድጃው ስትሄድ እከተላታለሁ፤ እኔ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ቤታችን አራት በአራት የሆነች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ሲጠባበቅባት አየሩ ያልቃል። አንዴ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ቀርቤ ቆምኩ። ስልኩ ደረቷ ላይ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እጄን ዘረጋሁ፤ ጫፉን ልነካ ስል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «በረደህ ዝወደይ? ጋቢውን ልበስ» አለችኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ የባትሪ ማለቂያውን ድምፅ ሦስቴ ሰጠ። አሞይ ነጠላዋን አጣፋች። «ጊዮርጊስ ተሳልሜ ልምጣ። አንተ ዕቃ ያጠብኩበትን ውሃ ድፋው» አለችኝ። የቆሸሸውን ውሃ ደፍቼ ስመለስ በሩ ላይ ተላለፍን። ደረቷ ላይ አራት ማዕዘኑ አልነበረም። መሄዷን እስከ ግቢው በር ተከትዬ አየሁና ተመለስኩ። ከማከፋፈያው የሚወጣውን የቻርጅ ገመድ በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ፤ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ በሰሃኖቹና በግድግዳው መሃል፣ በሻሽ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አሞይ ስልኳን አትቆልፍም።

ያወሩት ሁሉ በጽሑፍ ተቀምጧል። ማስታወሻውን ፈልጌ ማጥፋት ነበረብኝ። ዓይኔ ግን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ዐረፈ። ያን ሰዓት እኔ እያፏጨሁ ወደ ሥራ ወጥቻለሁ።

«ወይዘሮ ዓለምጸሃይ፣ ስለ ወንድምዎ ስለ ገብረአብ ሞት በጣም አዝኛለሁ። ዛሬ እንዴት ነዎት?»

ከሥሩ፣ አሞይ፦ «ምን አልሽ ልጄ?»

ልጅቷ ያንኑ ደግማላታለች። ከዚያ ለአርባ ደቂቃ ምንም የለም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ አሞይ፦ «ሓወይ።» ልጅቷ፦ «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። እባክዎ ይድገሙልኝ።» አሞይ፦ «ሓወይ። ገብረአብ ሓወይ።» ልጅቷ፦ «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። እባክዎ ይድገሙልኝ።» ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። ይህ እስከ ገጹ ታች ድረስ ይቀጥላል። ልጅቷ ትግርኛ አትችልም፤ ለቅሶም አትችልም። ቢሆንም አሞይ ደግማላታለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ መቁጠር ፈራሁ። አባቴን በዚህ ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ እንዲደገምለት ለሚለምን ነገር፣ እየደጋገመች አልቅሳዋለች። ያቺ ድንገተኛ ነገር አትችልም የተባለች ልብ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮ ስትሠራልኝ፣ ስትስቅልኝ ነበር።

ከዚያ በታች፣ እዚያው ሐሙስ፦ «ልጁ ግን አልሰማም። እየሳቀ ነው የወጣው፣ እያፏጨ። አባቱ መሞቱን አያውቅም። ከእኔ በቀር ሰው የለውም፣ ሲሰማ ይወድቅብኛል። እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው?»

ልጅቷም መልሳላታለች። «ብቻውን ሆኖ አይንገሩት። የሚወዳቸው ሰዎች አጠገቡ ይሁኑ። በአጭርና በግልጽ ቃል ይንገሩት። ከዚያ ዝም ይበሉ፤ ዝምታውን አይፍሩት።»

ቃል በቃል። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ረቡዕ ያን ሳነብ የሆነ ሰው ያወቀኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ጠጉሬ ቆመ። አንድ አፍ፣ አንድ ማዘን፣ ለእኔ ስለ እሷ፣ ለእሷ ስለ እኔ። እኛም ሁለታችን ይህችኑ ይዘን፣ አንዱ ሌላው እንዳይሰማት ስንስል፣ ስንጮህ ዋልን።

በሩ ሲንቋቋ ዞርኩ። አሞይ ደፉ ላይ ቆማለች። እስከ ጊዮርጊስ አልደረሰችም፤ መንገድ ላይ ፈርታ ነው የተመለሰችው፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል። እጄ ላይ ያለውን አየች።

«አነበብከው?»

አውቃለሁ ማለት እችል ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ባንኮኒ ላይ ነገሩኝ፣ ረቡዕም ለልጅቷ የነገርኳት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። «አላነበብኩም» አልኳት። «አሁን መክፈቴ ነው።»

ገባች። በሩን ዘጋች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ከአጠገቧ ያለውን አልጋ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ቁጭ አልኩ። ስልኩን በመሃላችን አስቀመጥኩት። ሰው አልተሰበሰበም፣ ውሃ አልቀረበም፣ ቄስ የለም፣ ቀኑም ገና አልመሸም፤ ከውጭ የታክሲ ረዳት «አምስት ኪሎ! አምስት ኪሎ!» ሲል ይሰማል። አሞይ ሁለት እጄን ያዘች። ትፈራ ነበር፤ እንደዚያ ቀን የፈራ ሰው ፊት አይቼ አላውቅም፣ የፈራችውም ለእኔ ነበር።

«ክፍሎም፣ ዝወደይ» አለችኝ። «አባትህ ዐርፏል።»

ከዚያ ዝም አለች።

ያልሰማ ለመምሰል አፌን ከፈትኩ፤ ከውስጡ የወጣው ግን የማስመሰል አልነበረም። ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚያ ማኪያቶ ሥር የቀረው ነው የወጣው። ነጠላዋን አፌ ላይ ያዝኩ። እሷ ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ፣ ቀኑን ሙሉ እጄ ሊደርስበት ወዳልቻለው ቦታ፣ ሳበችውና ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችኝ፤ አባቴንም በልጅነቱ እንዲያው ሳታወዛውዘው አልቀረችም። አምስቱም ሶፍት አልጋው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ረዥም ጊዜ እንዲያ ቆየን። በመጨረሻ ፊቴን በሶፍት ጠረገችና ወደ በሩ እያየች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የዐፊፋን ወንበሮች አይቻለሁ» አለች። «ነገ ናቸው። ሲመጡ አዲስ ሆነህ ስማ እሺ? ከገላን ድረስ፣ በሌሊት ተነሥተው ነው የሚመጡት።»

«አንቺስ አሞይ?»

«እኔማ እጮኻለሁ» አለች።

በመሃላችን ስልኩ በራ። ልጅቷ ተነካክታ ይሁን ስሟን የሰማች መስሏት ይሁን፣ ሁሉንም ስታዳምጥ ቆይታለች። ረቡዕ ማን እንደጻፈላት ብትናገርስ ብዬ መዳፌን እንደ ሰው አፍ ጫንኩባት። ከመዳፌ ሥር ታፍና፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅዋ፣

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። እባክዎ ይድገሙልኝ» አለች።

አሞይ አየችኝ። እኔም አየኋት። ማናችንም አልደገምንላትም።